አደራው በወረቀት ይሁን

ምኒልክ አደባባይ ላይ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክን የምናያቸው ፈረስ ላይ ሆነው ነው። ሐውልቱ የተመረቀው ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ነበር። ለዐድዋው ንጉሥ ፈረስ ይገባቸዋል። ነገር ግን እኚሁ ንጉሥ በአገራችን የመጀመሪያው የመኪና ባለቤት እንደነበሩ፣ መኪናቸውም ባሕር ተሻግሮ እንደመጣ በአደባባዩ ከምናልፈው መካከል የሚያስታውሰው ጥቂቱ ነው።

ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከለንደን ይዞት የተነሣውን ሲድሌይ መኪና አዲስ አበባ ያስገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። እስከ ጅቡቲ ያለው መንገድ በመርከብ አለቀ። ፈተናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ቆሟል፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ መኪናው በረሃውንና ዳገቱን የወጣው በራሱ ጎማ፣ ሲያቅተውም በሰው ጉልበት እየተገፋ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አርኖልድ ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊም ሌላ መኪና ይዞ መጣ። ከሁለቱም ቀደም ብሎ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ አስመጥቶ፣ የከተማው ሰው "የሰርኪስ ባቡር" ብሎት ነበር።

ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። ሩቁ የባሕር መንገድ ይቀላል፤ የሚያስጨንቀው የየብሱ ጉዞ ነው። ቤንትሌይ ግን ከመኪናው ጋር አብሮ ተጉዟል፤ አንድ ነገር ቢሰበር ያያል። እኛ ቁልፉን ለማናውቀው ሰው ሰጥተን ቤታችን እንገባለን። ለብዙ ቤተሰብ መኪና ከቤት ቀጥሎ ያለ ትልቁ ጥሪት ነው። ይህን ጥሪት "አደራ" ብሎ በቃል ብቻ መስጠት ልማዳችን ሆኗል። አደራ ትልቅ ቃል ነው፤ ክርክር ሲነሣ ግን ምስክር አይቆምለትም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የተባለው ለዚህ ነው።

በዚህ ወር ዓምዳችን መኪናን ከከተማ ወደ ከተማ ወይም ከውጭ ወደ አገር ቤት በድርጅት ስለማስጓጓዝ እናነሣለን።

ማስነዳት ወይስ ማስጫን?

ሥራ ተቀይሮ ቤተሰብ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ መቀሌ ሲሄድ ብዙዎች የሚያስቡት ሹፌር መቅጠርን ነው። ርካሽና ፈጣን ይመስላል። ይሁን እንጂ መኪናው በመንገድ ላይ በሚደርሰው ሁሉ ውስጥ ያልፋል፦ ጎማ ይበላል፣ ነዳጅ ይጠጣል፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ይወጣል። ሹፌሩ ቢጋጭ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ የሚመጣው ወደ ባለንብረቱ ነው። ሹፌር ከቀጠሩ መንጃ ፈቃዱ ለመኪናው ዓይነት የሚሠራ መሆኑን ይዩ፤ ፎቶ ኮፒውንም ያስቀሩ። የመድን ውልዎ ሌላ ሰው ሲነዳ የሚሸፍን መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ። በመንገድ ላይ ሰው እንዳይጭንም በጽሑፍ ይከልክሉ። ባዶ ወንበር ያለው መኪና በየመናኸሪያው ተሳፋሪ የሚለቅም ሹፌር ጥቂት አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ በሎቤድ ወይም በመኪና ጫኝ ተሳቢ ማስጫን ነው። ለአዲስ፣ ለውድ ወይም ለተበላሸ መኪና ይኼኛው ይመረጣል። የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ደግሞ ምርጫው ጠባብ ነው። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በመንገዱ ላይ ያለው የቻርጅ ማድረጊያ ግን እንደ ነዳጅ ማደያው ብዙ አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪና ቆሞ ቢገኝም እንደ ድሮው በገመድ ታስሮ የሚጎተት ነገር አይደለም። ሞተሩ ከጎማው ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ጎማው መሬት ላይ እየዞረ ቢጎተት ሞተሩ ሊጎዳ ይችላል። አራቱም ጎማ ከመሬት ተነሥቶ መጫን አለበት። ይህን የማያውቅ ጫኝ ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ።

ስልኩን ያነሣው ማነው?

ለማስጫን ስንደውል ብዙ ጊዜ የሚያነጋግረን የሎቤዱ ባለቤት ሳይሆን ደላላ ነው። ደላላ መኖሩ ነውር አይደለም፤ ባዶ የሚመለስ መኪናና ጭነት ያለውን ሰው የሚያገናኘው እሱ ነው። ችግሩ ደላላው ራሱን እንደ አጓጓዥ አድርጎ ሲያቀርብ ነው። ኮሚሽኑን ተቀብሎ ስልኩን ከዘጋ በኋላ እርስዎ ውል የገቡት ከማን ጋር እንደሆነ አያውቁም።

ስለዚህ ከዋጋው በፊት አራት ነገር ይጠይቁ። የጫኙ መኪና ባለቤት ማነው? ታርጋው ስንት ነው? የሚነዳው ሹፌር ማን ይባላል? ድርጅቱ የጭነት ማጓጓዝ የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ ቁጥር አለው ወይ? እነዚህን ለመመለስ የሚያመነታ ሰው የእርስዎን መኪና ለመውሰድ ማመንታት ነበረበት። ክፍያውንም በግለሰብ ስም ሳይሆን በድርጅቱ ስም በተከፈተ ሂሳብ ያስገቡ፤ የባንኩ ደረሰኝ በኋላ ማስረጃዎ ነው። ሙሉውን በቅድሚያ አይክፈሉ። ከፊሉን ሲጫን፣ ቀሪውን መኪናው በደኅና ተራግፎ ሲረከቡ ይስጡ።

የርክክቡ ወረቀት

የማውቃቸው ጥንዶች አሉ። እሷ ሥራዋ ወደ ምሥራቅ ተቀየረና መኪናቸውን አስጫኑ። ጫኙ ትሑት ሰው ነበር፤ ባልየው "አደራ ወንድሜ" አለው፣ እሱም "ሐሳብ አይግባዎ" ብሎ ሄደ። መኪናው ሲደርስ የኋላ ፓራውልቱ ተሰንጥቋል፣ አንዱ ስፖኪዮ ተንጠልጥሏል። ጫኙ "ስረከበውም እንዲሁ ነበር" አለ። ጥንዶቹ እንዲህ እንዳልነበረ ያውቃሉ፤ የሚያሳዩት ግን አንድም ፎቶ፣ አንድም ፊርማ አልነበራቸውም። ነገሩ በሽማግሌ ታየና ጫኙ ጥቂት ብር ከፍሎ፣ ትልቁን ወጪ እነሱ ችለው አለቀ። ባልና ሚስቱን ከብሩ በላይ ያበሳጫቸው እርስ በርስ የተባባሉት ነው፦ "አንተ ነህ ያመንከው"፣ "አንቺ ነሽ ያቻኮልሽኝ"።

ይህን ሁሉ የሚያስቀረው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። መኪናውን ከአንድ ቀን በፊት ያሳጥቡት፤ ጭረት ከአቧራ ሥር ይደበቃል። በቀን ብርሃን ከአራቱም ማዕዘን፣ ከጣሪያው፣ ከኮፈኑ፣ ከአራቱ ቸርኬዎች፣ ከፊት መስታወቱና ከውስጥ ወንበሮቹ ፎቶ ያንሡ። የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውንና የሻንሲ ቁጥሩንም ይጨምሩ። ቀድሞ የነበረውን ጭረት አይደብቁ፤ እሱን ሲያስመዘግቡ ያልነበረውን ማስረዳት ይቀላል። ከዚያ በአንድ ገጽ ላይ የመኪናውን ታርጋ፣ የጫኙን ታርጋ፣ የተረከበበትን ቀንና ሰዓት፣ የነዳጁን ወይም የባትሪውን መጠን፣ የሚደርስበትን ቀን፣ ቦታና የተቀባዩን ስም ይጻፉ። ሁለታችሁም ፈርማችሁ አንድ አንድ ቅጂ ያዙ።

ወረቀቱ ጫኙን መጠርጠር አይደለም። ሕጉም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። ዕቃን በየብስ ስለማጓጓዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 547/1999 አጓጓዥ ዕቃውን ከተረከበበት እስከሚያስረክብበት ድረስ ለሚደርሰው ጥፋት ተጠያቂ የሚሆንበትን ሥርዓት ዘርግቷል። ተጠያቂነቱ የሚለካው ግን በምን ሁኔታ ተረክቦ በምን ሁኔታ አስረከበ በሚለው ነው። ያ ካልተጻፈ ሕጉ የሚይዘው ጫፍ ያጣል።

መኪናው ውስጥ ዕቃ አይጫኑ። "ባዶ ከሚሄድ" ብለን ቴሌቪዥኑን፣ ብርድ ልብሱን፣ የልጆቹን መጫወቻ የምንከምረው እኛ ነን። ያ ዕቃ በውሉ ውስጥ የለም፤ ቢጠፋ የሚጠየቅ የለም፤ ክብደቱም ጭነቱን ያናጋል። ነዳጅ ከሩብ ታንከር በላይ አያስፈልግም። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪም ሙሉ መሆን የለበትም፤ መኪናው ተነድቶ ለመውጣትና ለመውረድ እንዲሁም ከማራገፊያው ቤት ለመድረስ የሚበቃው ይበቃል። ሲታሰርም ቆመው ይዩ፦ ማሰሪያው በጎማዎቹ ላይ ቢሆን ይመረጣል፣ የእጅ ፍሬኑም ይያዝ። ቁልፍ አንድ ብቻ ይስጡ።

ሊብሬና ውክልና

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ይህ ነው። መኪናው ተጭኖ የሚሄድ ከሆነ ዋናውን ሊብሬ ከመኪናው ጋር አይላኩ፤ ለመንገድ ቁጥጥር የተረጋገጠ ቅጂና የጭነት ደብዳቤ ይስጡ። በሹፌር የሚነዳ ከሆነ ግን ሊብሬው አብሮት መሄዱ ግድ ነው፤ ከመድረሱ በኋላ ወዲያው እንዲመለስ ያድርጉ።

ከዚህ የሚብሰው ውክልና ነው። መኪና ከጉምሩክ የሚያስወጣ፣ ሰሌዳ የሚያስለጥፍ ወይም በሌላ ከተማ የሚረከብ ሰው ውክልና ያስፈልገዋል። ወደ ውልና ማስረጃ ስንሄድ ጸሐፊው የለመደውን ረጅም ጽሑፍ ያወጣልናል፤ በውስጡ "ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በስጦታ ለማስተላለፍ" የሚል ሐረግ አለበት። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ቀኑ ይመሻል፣ ሳናነብ እንፈርማለን። በዚያ ወረቀት መኪናዎ ሕጋዊ በሆነ መንገድ ሊሸጥ ይችላል። ሥራው መረከብ ከሆነ ውክልናው ለመረከብ ብቻ ይሁን፤ የመኪናው የሻንሲ ቁጥር ይጠቀስበት፤ ሥራው ሲያልቅም ይሻር። ወኪሉ የአክስት ልጅ ቢሆንም ይህ ደንብ አይላላ። የዘመድ ፍቅር የሚቆየው የጠራ ወረቀት ሲኖር ነው።

መድኑ ምን ይሸፍናል?

"መኪናዬ ኢንሹራንስ አለው" ማለት ብቻውን ብዙ አይነግረንም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ተሽከርካሪ እንዲኖረው የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን የሚሸፍነው የእርስዎ መኪና በሌላ ሰው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ነው። ከሎቤድ ላይ ለወደቀው የእርስዎ መኪና አይከፍልም። ሙሉ ዋስትና ካለዎት ደግሞ ውሉ መኪናው በሌላ ተሽከርካሪ ላይ ተጭኖ ሲጓዝ የሚያካትት መሆኑን ይጠይቁ፤ መልሱን በደብዳቤ ወይም በኢሜይል ይቀበሉ። ካላካተተ ለዚያ ጉዞ ብቻ የሚሠራ የጭነት መድን መግዛት ይቻላል። ዋጋው ከመኪናው ዋጋ አንጻር ትንሽ ነው። አጓጓዡ የራሱ የኃላፊነት መድን ካለውም ሰነዱን አይተው ቀኑ ያላለፈበት መሆኑን ያረጋግጡ።

ከባሕር ማዶ ሲመጣ

ከዱባይ ወይም ከሌላ አገር "መኪና ልላክልህ" የሚል ወንድም ወይም እህት ያለው ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። መጀመሪያ የሚጠየቀው ምን ዓይነት መኪና የሚለው ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. አስታውቋል። ስለዚህ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት መኪናው ሊገባ የሚችል መሆኑን ፈቃድ ካለው ትራንዚተር ጋር ማጣራት ይገባል። ጅቡቲ ከደረሰ በኋላ "አይገባም" መባል ከሁሉ የከፋ ኪሳራ ነው።

መኪና ባሕር የሚሻገረው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ መኪናው እየተነዳ ገብቶ እየተነዳ የሚወጣበት፣ ሮሮ የሚባለው መርከብ ነው። ሌላው በኮንቴይነር ታሽጎ የሚመጣበት ነው። ኮንቴይነሩ ከእጅ ንክኪ ይጠብቃል፤ ነገር ግን በተባለው ቀን ካልተመለሰ ኪራዩ ይቆጥራል።

ቀጥሎ የሚታየው የማጓጓዣ ሰነዱ ነው። በመልቲሞዳል ሥርዓት ከሆነ አንድ ሰነድ ከመነሻው ወደብ እስከ ደረቅ ወደቡ፣ ለምሳሌ እስከ ሞጆ ድረስ ይሠራል፤ ኃላፊነቱም እስከዚያ ድረስ የአንድ አጓጓዥ ነው። ይህም በአዋጅ ቁጥር 548/1999 የሚመራ ነው። በዩኒሞዳል ከሆነ ግን መርከቡ ጅቡቲ ላይ ሥራውን ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ ወደቡ፣ ትራንዚቱ፣ የየብስ ጫኙ የእርስዎ ጉዳይ ነው። ቤንትሌይ የገጠመው በረሃ ያ ነው። ውል ሲፈርሙ "ማስረከቢያው የት ነው?" ብለው ይጠይቁ። ጅቡቲ እና ሞጆ የሚሉት ሁለት ቃላት የሚያመጡት የወጪና የጭንቀት ልዩነት ሰፊ ነው።

ጉምሩክ ቀረጡን የሚያሰላው በመኪናው ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን የማጓጓዣውንና የመድኑን ወጪ ደምሮ ነው። ስለዚህ ማጓጓዣው ሲወደድ ቀረጡም አብሮ ከፍ ይላል። ሰነድ ሳይሟላ መኪናው ወደብ ላይ የሚቆምበት ቀን ሁሉ ደግሞ የመጋዘን ኪራይ አለው። የመርከብ ጭነት ሰነዱ፣ የግዢ ደረሰኙ፣ የሥሪት አገር ምስክር ወረቀቱና የባንክ ሰነዱ መኪናው ከመድረሱ በፊት እጅዎ መግባት አለባቸው። በሰነዶቹ ላይ ስምዎና የሻንሲ ቁጥሩ በአንድ ፊደል እንኳ እንዳይለያዩ ይመልከቱ።

የባሕሩ መድንም ሥጋት የለበትም አይባልም። በየካቲት 2014 ዓ.ም. ወደ 4,000 የሚጠጉ መኪኖች የጫነችው ፌሊሲቲ ኤስ የተባለች መርከብ አትላንቲክ ላይ በእሳት ተያይዛ፣ በኋላም ሰጠመች። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ጋላክሲ ሊደር የተባለች የመኪና ጫኝ መርከብ በጎረቤታችን በቀይ ባሕር ላይ በሁቲ ታጣቂዎች ተይዛለች። ተራው የባሕር መድን የጦርነትን አደጋ አብዛኛውን ጊዜ አይጨምርም፤ ለብቻው ይገዛል። ሌላም ያልተለመደ ነገር አለ። መርከቧንና ጭነቱን ለማዳን ካፒቴኑ ያወጣው ወጪ ወይም የሠዋው ዕቃ በባሕር ሕግ መሠረት በመርከቧና በጭነቱ ባለቤቶች ሁሉ ላይ ይከፋፈላል። የእርስዎ መኪና ምንም ሳይነካው እንኳ ድርሻዎን ሳይከፍሉ ላያገኙት ይችላሉ። መድን ካለ ይህን የሚከፍለው መድን ሰጪው ነው።

ዋጋው ለምን ይለያያል?

በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ድርጅት በጣም የተራራቀ ዋጋ ቢጠራልዎት አይደነቁ። የጭነት ዋጋ የሚወሰነው በርቀት ብቻ ሳይሆን ጫኙ ሲመለስ ባዶውን ነው ወይስ ጭነት አለው በሚለው ነው። ከጅቡቲ ወደ መሀል አገር የሚመጣው ዕቃ ከሚወጣው ይበልጣል፤ ስለዚህ ወደ ምሥራቅ የሚወርዱ ብዙ ጫኞች ባዷቸውን ናቸው። በዚያ አቅጣጫ የሚልክ ሰው ለመደራደር አቅም አለው። መኪናዎ የሚሄድበትን ቀን ጥቂት ቀን ማዘግየት ከቻሉ፣ የሚመለስ ጫኝ መጠበቅ ዋጋ ይቀንሳል።

ከሁሉ ርካሹን ሲሰሙ ግን ምን እንዳልተጨመረበት ይጠይቁ። መጫኛውና ማራገፊያው፣ የመንገድ ክፍያው፣ መንገድ ተዘግቶ ጫኙ ቢቆም የሚጠየቀው የቀን አበል በማን ላይ ነው? በየመንገዱ ያለው ሁኔታ በሚለዋወጥበት በዚህ ዘመን ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ትንሽ አይደለም። መንገዱ ቢዘጋ መኪናው የት እንደሚያድር፣ ጫኙ በሌላ መንገድ ለመዞር ማንን ማስፈቀድ እንዳለበት በውሉ ይግባ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዳይሆን፣ ለአንድ ቀን ጥድፊያ ብለው ይህን አይዝለሉ።

ሲደርስ

አዲስ አበባ ውስጥ ከባድ ጫኞች በቀን ወደ መሀል ከተማ የሚገቡበት ሰዓት የተገደበ ነው። ሎቤድ ምኒልክ አደባባይ ድረስ ወጥቶ፣ ፒያሳ መሀል ቆሞ መኪና ያወርድልኛል ብለው አይጠብቁ። በከተማው ዳር ሰፊና ብርሃን ያለው ቦታ ተስማምታችሁ፣ ከዚያ ራስዎ ነድተው ይግቡ።

ጫኙ ሌሊት ደርሶ "ቶሎ ፈርሙልኝ፣ መንገድ አለብኝ" ቢል እጅዎን ይሰብስቡ። ውኃና ሻይ ይስጡት፣ ድካሙን ያመስግኑ፤ ፊርማው ግን መኪናው በብርሃን ከታየ በኋላ ነው። የመነሻውን ፎቶ በስልክዎ ይዘው ዙሩን ይሂዱ፤ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን ያመሳክሩ፣ ሞተሩን ያስነሡ፣ ከሥሩ ፈሳሽ መኖሩን ይዩ። ጉዳት ካለ በርክክቡ ወረቀት ላይ ጫኙ እያየ ይጻፉትና እሱም ይፈርምበት፤ በዚያው ቀን ለድርጅቱና ለመድን ሰጪው ያሳውቁ። ያለ አንዳች ማስታወሻ ከፈረሙ በኋላ የሚነሣ አቤቱታ ደካማ ነው።

ጉዳት ከሌለም ወረቀቱን አይጣሉት። ቀሪውን ክፍያ ከፍለው፣ "በደኅና ተረክቤያለሁ" ብለው ፈርመው ለጫኙ አንድ ቅጂ ይስጡት። አደራውን የጠበቀ ሰው የሚገባው ማስረጃ እሱ ነው፤ ለሚቀጥለው ደንበኛም የሚያሳየው እሱን ነው።